ለቤት የሚገዛ የመጀመሪያ ናስ፡- ገንዘቡ ለሣጥኑ ወይስ ለዲስኩ?

ፎቶግራፍ በአልበም ይቀመጥ በነበረበት ጊዜ የአንድ ቤተሰብ ትዝታ ከቁም ሣጥን አንድ መሳቢያ አያልፍም ነበር። ዛሬ አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች በያዟቸው አራት ስልኮች ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ፎቶና ቪዲዮ ተጠራቅሟል፤ የሠርጉ ቪዲዮ በአንድ ፍላሽ፣ የክርስትናው በሌላ፣ በሕይወት የሌሉት አያት ድምፅ ደግሞ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይገኛል። ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ላፕቶፑ አልነሣም ሲል የሚጠፋው ዕቃው ብቻ አይደለም። ለዕቃው ምትክ ከገበያ ይገኛል፤ ለአያት ድምፅ ግን በየትኛውም ዋጋ ሻጭ የለውም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ተብለው ከሚሸጡት ዕቃዎች አንዱ የቤት ውስጥ የኔትወርክ ማከማቻ፣ በእንግሊዝኛው ምኅጻረ ቃል «ናስ» የሚባለው ነው። ስሙ ከብረቱ ጋር ቢመሳሰልም ዕቃው ራሱ ከጫማ ካርቶን የሚያንስ የፕላስቲክ ሣጥን ነው። ውስጡ አነስተኛ ኮምፒዩተር አለ፤ ስክሪንም ሆነ ኪቦርድ የለውም። ሃርድ ዲስክ ይገባበታል፣ በኬብል ከቤቱ ራውተር ጋር ይያያዛል፣ ከዚያ በኋላ በቤት ውስጥ ያሉ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ሁሉ ፋይላቸውን እዚያ ላይ ያስቀምጣሉ፣ ከዚያም ያነባሉ። በዩኤስቢ ከሚሰካው ተራ ዲስክ የሚለየውም በዚህ ነው። ተራውን ዲስክ ሰው አስታውሶ ካልሰካው ምንም አይሠራም፤ ናስ ግን ተገቢው ፕሮግራም ስልኩ ላይ ከተጫነ፣ ስልኩ ቤት በገባ ቁጥር አዲሱን ፎቶ ሳይጠየቅ ይቀበላል።

ለመግዛት የተነሣ ሰው በአብዛኛው የሚጀምረው «የትኛው ሣጥን ይሻላል?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ሻጩም የሚያሳየው ሣጥኑን ነው፤ መደርደሪያ ላይ የሚያምረው እሱ ነውና። በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ተቃራኒውን መንገድ ነው። መጀመሪያ ለዲስኮቹ፣ ለሁለተኛው ቅጂና ለመብራት መከላከያው የሚያስፈልገው ገንዘብ ይቆረጥ፤ ሣጥኑ በሚተርፈው ይገዛ። ለምን ቢባል፣ ሣጥኑ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ መረጃውን የሚያጠፉት ሌሎቹ ናቸው።

መግዛት የሌለበት ማን ነው?

ከሁሉ በፊት አንዳንድ ሰው ይህን ዕቃ ጨርሶ እንደማያስፈልገው መነገር አለበት። ጉግል ለፎቶግራፍ ይሰጥ የነበረውን ያልተገደበ ነፃ ቦታ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1 ቀን 2021 ጀምሮ አቁሞ ሁሉንም በ15 ጊጋባይት ነፃ ድርሻ ውስጥ እንዲቆጠር ሲያደርግ፣ ብዙ ሰው ቦታ መከራየት ወይም የራሱን ማከማቻ መግዛት ከሚሉት አንዱን መምረጥ ግድ ሆኖበታል። ኪራዩ በአሜሪካ ዋጋ ለ200 ጊጋባይት በዓመት 30 ዶላር፣ ለ2 ቴራባይት ደግሞ 100 ዶላር ገደማ ሆኖ ቆይቷል።

አሁን የግዢውን ሒሳብ እንይ። ሁለት ዲስክ የሚይዝ የሲኖሎጂ ኩባንያ ዝቅተኛው ሣጥን፣ ዲኤስ223ጄ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ገበያ ላይ ሲውል በአሜሪካ ዋጋው 190 ዶላር አካባቢ ነበር። ለናስ የሚሠራ ባለ4 ቴራባይት ዲስክ እ.ኤ.አ. በ2024 አንዱ ወደ 100 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ሁለት ሲሆን 200። ለሁለተኛ ቅጂ የሚሆን ባለ4 ቴራባይት የዩኤስቢ ዲስክ ሌላ 100 ዶላር ገደማ እንበል። ድምሩ 490 ዶላር ይመጣል። ለአምስት ዓመት ቢያገለግል በዓመት 98 ዶላር ነው።

እንግዲህ 1 ቴራባይት ፋይል ያለው ቤተሰብ ቢከራይም ቢገዛም በዓመት የሚያወጣው ተመሳሳይ ነው ማለት ነው። 3 ወይም 4 ቴራባይት ያለው፣ ለምሳሌ በካሜራ የሚተዳደር ሰው፣ ግዢው በግልጽ ያዋጣዋል። መቶና መቶ ሃምሳ ጊጋባይት ፎቶ ብቻ ያለው ግን በአምስት ዓመት ኪራይ 150 ዶላር ስለሚያወጣ በ490 ዶላር ናስ መግዛቱ ቅንጦት ነው። ኪራዩን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍልበት ካርድ ከሌለው ደግሞ ሁለት የዩኤስቢ ዲስክ ገዝቶ፣ አንዱን ቤት፣ ሌላውን ወንድሙ ወይም እኅቱ ዘንድ ማስቀመጥ ይበቃዋል። የሚያጣው ነገር ቢኖር ምቾት ነው፤ በየወሩ ዲስኩን እያስታወሰ መሰካት አለበት።

እዚህ ላይ የብሩ ነገር አለ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር 490 ዶላር 28 ሺህ ብር አይሞላም ነበር። ከዚያ ወዲህ የዶላር የባንክ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ቀረጡ፣ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስና የነጋዴው ትርፍ ሲታከልበት የቤት ናስ የአንድ ጥሩ ስልክ ዋጋ ያህል የሚጠይቅ ውሳኔ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት የመረጃ ማዕከላት በፈጠሩት ሽሚያ የሜሞሪና የዲስክ ዋጋ በዓለም ገበያ ወደ ላይ ስለወጣ፣ ከላይ ያሉት ቁጥሮች ለንጽጽር እንጂ ነገ ሱቅ ገብቶ ለመከራከሪያ አይሆኑም። ሁሉም አብሮ ስለሚወጣ ግን መጠነ ድርሻው ብዙም አይናወጥም። ሣጥኑ ከጠቅላላው ወጪ 40 በመቶ አይሞላም። ገዢው ጊዜውን የሚያጠፋው ግን በዚሁ 40 በመቶ ላይ ነው።

ዲስኩ አዲስ ነው ወይስ «ልባሽ»?

ለገዢው ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በጀርመን አገር ገዢዎች አዲስ ብለው የገዟቸው የሲጌት ዲስኮች ከ15 ሺህ እስከ 50 ሺህ ሰዓት የሠሩ ሆነው ተገኙ። 50 ሺህ ሰዓት ማለት ሳይጠፋ ከአምስት ዓመት ተኩል በላይ መሥራት ነው። ዲስኩ የሠራበትን ሰዓት የሚመዘግበው ተራው ቆጣሪ ወደ ዜሮ ተመልሶ ነበር፤ ያጋለጣቸው አምራቹ በዲስኩ ውስጥ ለብቻ የሚያስቀምጠው «ፋርም» የተባለ ሁለተኛ መዝገብ ነው። ሲጌት በበኩሉ ዲስኮቹ ከእሱ ወደ ነጋዴዎቹ እንዳልሄዱ ገልጿል። በወቅቱ ብዙ የተነገረለት ግምት፣ ዲስኮቹ እ.ኤ.አ. በ2021 «ቺያ» ለሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በገፍ ተገዝተው የነበሩና ንግዱ ሲቀዘቅዝ ወደ ገበያ የተመለሱ ናቸው የሚል ነው።

ጉዳዩ በመደበኛ ሱቅና በሕግ ጥበቃ በታወቀው በጀርመን ከተፈጠረ፣ ዕቃው በሦስትና በአራት እጅ ተላልፎ በሚደርስበት ገበያ ያለ ሸማች የበለጠ መጠንቀቅ ይኖርበታል። መጠንቀቂያው ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም። በዲስኩ ላይ ያለውን የመለያ ቁጥር በአምራቹ የዋስትና ገጽ ላይ ማስገባትና ዋስትናው መቼ እንደሚያልቅ ማየት ነው። የሦስት ዓመት ዋስትና አለው የተባለ ዲስክ አራት ወር ብቻ የቀረው ከሆነ ወይም ቁጥሩ ጭራሹን ዋስትና የለውም ከተባለ፣ ዋጋው በዚያው ልክ መውረድ አለበት፤ አለዚያ መተው ነው። ኮምፒዩተር የሚያውቅ ጓደኛ ያለው ሰው «ስማርትሞንቱልስ» በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የሥራ ሰዓቱን፣ በሲጌት ዲስክ ላይ ደግሞ የፋርሙንም መዝገብ ጭምር ማየት ይችላል። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተቀራረቡ ዲስኩን አንድ ሰው ነካክቶታል። ይህን ምርመራ ሻጩ ፊት ማድረግ ነውር አይደለም፤ መኪና የሚገዛ ሰው ሞተር አስነሥቶ እንደሚያዳምጠው ነው።

ያገለገለ ዲስክ ሁልጊዜ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። ያገለገለ መሆኑ ተነግሮት፣ በዋጋው ተቀንሶለት፣ ሌላ ቅጂ እያለው የሚገዛ ሰው አትርፎ ሊሆን ይችላል። ችግሩ በአዲስ ዋጋ ሲሸጥ ነው።

ሁለተኛው ነገር የዲስኩ አሠራር ነው። አንዳንድ ዲስኮች ብዙ ፋይል እንዲይዙ ሲባል መረጃው የሚጻፍባቸው መስመሮች እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጫፍ ለጫፍ ተደራርበው ይሠራሉ፤ ኤስኤምአር ይባላሉ። መስመሮቹ የማይደራረቡት ሲኤምአር ናቸው። ከተደራረበው ቆርቆሮ የታችኛውን ለመለወጥ የላይኛውን ማንሣት ግድ እንደሆነ ሁሉ፣ ኤስኤምአር ዲስክም የጻፈውን ለመለወጥ አጎራባቹን ጭምር እንደገና መጻፍ አለበት። ለመጠባበቂያ ብቻ ለሚሰካ የዩኤስቢ ዲስክ ይህ ምንም አይደል። በናስ ውስጥ ግን አንዱ ዲስክ ተበላሽቶ አዲሱ ሲተካ ቅጂው በጣም ይጓተታል፤ አንዳንዴም ሣጥኑ «ይህ ዲስክ አይመልስም» ብሎ ያስወጣዋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ዌስተርን ዲጂታል ለናስ ብሎ በሚሸጠው «ሬድ» በተባለው ምርቱ ውስጥ ከ2 እስከ 6 ቴራባይት የሚይዙትን በዚህ አሠራር እየሠራ ለገዢው ሳይነግር መቆየቱ ሲታወቅ ብዙ ቁጣ ተነሥቶበት ነበር። በኋላ ያልተደራረበውን «ሬድ ፕላስ» ብሎ ለየው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ያለው «ለናስ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ የሞዴሉ ቁጥር ከአምራቹ ዝርዝር ጋር ይመሳከር።

የደኅንነት ካሜራ የሚገጥሙ ሱቆች የሚይዙት ዲስክ ይሠራ እንደሆነ የሚጠይቁ አሉ። ቀንና ሌሊት እንዲሠራ የተዘጋጀ ስለሆነ ይሠራል፤ ለናስ የተሠራው በተቀራራቢ ዋጋ ከተገኘ ግን እሱ ይቅደም።

ሳናነሣው የማናልፈው ደግሞ የከፍታ ጉዳይ ነው። በተራ ሃርድ ዲስክ ውስጥ አንባቢው ክንድ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ስለሆነ አየሩ ከሳሳ ወደ ሳሕኑ ይጠጋል፤ አምራቾች በአብዛኛው ከ3,048 ሜትር በላይ እንዳይሠራ ይመክራሉ። በአማካይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው አዲስ አበባ ከገደቡ በታች ናት፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ቤት የሠራ ሰው ግን ሒሊየም ታሽጎበት የሚመጣውን ዓይነት ወይም ተንቀሳቃሽ አካል የሌለውን ኤስኤስዲ ቢያስብ ይሻለዋል።

በመጨረሻም የመጠኑ ነገር አለ። ባለ4 ቴራባይት ዲስክ ገዝቶ ዊንዶውስ 3.63 ብሎ ሲያሳየው ተታለልኩ ብሎ ሱቅ የሚመለስ አይጠፋም። ማንም አላታለለውም። አምራቹ በሺህ ሲቆጥር ኮምፒዩተሩ በ1,024 ስለሚቆጥር ነው።

ሣጥኑን በተመለከተ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ቤተሰብ ባለ ሁለት ዲስክ ሣጥን ይበቃል ብለን እናምናለን። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት መረጃ ይይዛሉ፤ «ሬድ አንድ» ወይም የመስተዋት አሠራር ይባላል። ሁለት ባለ4 ገዝቶ 4 ቴራባይት ብቻ መጠቀም ለነጋዴ ዓይን ክስረት ቢመስልም፣ አንዱ ዲስክ በሞተ ዕለት ቤቱ ሥራውን ሳያቋርጥ ይቀጥላል። ባለ አንድ ዲስኩ ሣጥን በዋጋ ረከስ ይላል፤ ነገር ግን ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ባለ አራቱ ደግሞ ቪዲዮ ለሚያነሣና ለሚያቀናብር ሰው ካልሆነ ባዶ ክፍል ማከራየት እንደ መክፈል ነው።

ገበያውን የያዙት ታይዋናዊዎቹ ሲኖሎጂ፣ ኪውናፕና አሱስቶር ሲሆኑ፣ ቴራማስተርና ዩግሪን ከቻይና በዋጋ ይፎካከራሉ። ቻይናዎቹ በተመሳሳይ ገንዘብ የበለጠ ፈጣን ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ይሰጣሉ፤ ሲኖሎጂ የሚሸጠው ደግሞ ለጀማሪ የማያስቸግር ፕሮግራሙን ነው። ፎቶና ሰነድ ለማስቀመጥ 1 ወይም 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ዝቅተኛው ሞዴል ይሠራል። ፊልም በቴሌቪዥን ለማየት፣ በተለይም ቴሌቪዥኑ የማያውቀውን የቪዲዮ ዓይነት ሣጥኑ እየቀየረ እንዲልክ ለሚፈልግ ግን ጠንከር ያለ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል። ሜሞሪው ሊጨመር የሚችል መሆን አለመሆኑም ይጠየቅ፤ በዝቅተኞቹ ላይ ብዙ ጊዜ አይጨመርም።

ከአንድ ኩባንያ ጋር መታሰር ምን እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በ2025 የታየ ነገር አለ። ሲኖሎጂ በሚያዝያ ወር በዚያ ዓመት የሚያወጣቸው «ፕላስ» ሣጥኖች የራሱን ምልክት የያዙ ወይም እሱ ያጸደቃቸውን ዲስኮች ብቻ እንዲቀበሉ እንደሚያደርግ አስታወቀ። የእሱ ዲስክ በብዙ አገር ከሌሎቹ የሚወደድ፣ በብዙ አገር ደግሞ ከነጭራሹ የማይገኝ ነበር። ገዢው አጉረመረመ፤ ተወዳዳሪዎቹም አጋጣሚውን ተጠቀሙበት። በጥቅምት ወር ኩባንያው ባወጣው አዲስ ፕሮግራም እገዳውን አላላ። ገበያ አንዳንዴ ይሠራል። ሆኖም በእነዚህ ወራት ሣጥኑን ገዝቶ ዲስኩን ከሌላ ቦታ ያመጣ ሰው ሣጥኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከማየት በቀር የሚያደርገው አልነበረውም። ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የዲስኩ ሞዴል ሣጥኑ በሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ መኖሩ ይረጋገጥ።

ፍጥነትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እናንሣ፤ ራውተሩን። በጊጋቢት መስመር ፋይል በሰከንድ 110 ሜጋባይት ያህል ይሄዳል፤ 1 ቴራባይት በሁለት ሰዓት ተኩል ያልቃል። አንዳንድ ርካሽ ራውተሮች ግን የኬብል መሰኪያቸው ባለ100 ሜጋቢት ነው፤ ያው ሥራ ከአንድ ሙሉ ቀን በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ለፈጣን ሣጥን ብዙ ገንዘብ ከመክፈል አነስተኛ የጊጋቢት ስዊች ጨምሮ መግዛት ይመረጣል።

መብራት

በእኛ ሁኔታ ከፕሮሰሰሩ ይልቅ የናሱን ዕድሜ የሚወስነው መብራት ነው። ዲስኩ እየጻፈ ሳለ መብራት ሲጠፋ ግማሽ የተጻፈ ፋይል ይቀራል፤ አልፎ አልፎም የመዝገቡ ማውጫ ራሱ ይበላሻል። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ከልክ በላይ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በመሆኑም ዩፒኤስ እንደ ተጨማሪ ሳይሆን እንደ ናሱ አካል ይቆጠር። ሌሊቱን ሙሉ እንዲያሠራ አይጠበቅበትም፤ የሚፈለገው ሣጥኑ በሥርዓት የሚዘጋበት ጥቂት ደቂቃ ነው። ለዚህ ግን ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ገመድ ለናሱ «መብራት ጠፍቷል» ብሎ የሚናገር መሆን አለበት። ይህ መሰኪያ የሌለው ርካሹ ዓይነት ባትሪው እስኪያልቅ ይይዝና መጨረሻ ላይ ናሱን እንደማንኛውም ዕቃ ያጠፋዋል። ማንም ቤት ከሌለ ትርፉ ጥፋቱን ማዘግየት ብቻ ነው።

ከአሜሪካ ለሚያስመጡ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ባለ ሁለት ዲስክ ሣጥኖች ባብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል አዳፕተር ይዘው ስለሚመጡ ሶኬቱን ከመቀየር በቀር ችግር የለባቸውም፤ ያም ሆኖ በአዳፕተሩ ላይ የተጻፈው ይነበብ። የአሜሪካ ዩፒኤስ ግን ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። በእኛ 220 ቮልት ላይ የሰካው ሰው ወዲያውኑ ያቃጥለዋል። ዩፒኤሱ ከዚሁ ከአገር ቤት ይገዛ፤ ክብደቱም ለሻንጣ አይመችም።

ፍጆታውን የሚፈራ ካለ አያስፈራም። ሁለት ዲስክ የያዘ ሣጥን 20 ዋት ያህል ቢወስድ በወር 14 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአራት ሰዓት የሚወስደው ማለት ነው።

መስተዋቱ ቅጂ አይደለም

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንመለስ። ብዙ ገዢ ሁለት ዲስክ ስላስገባ መረጃውን በሁለት ቦታ ያስቀመጠ ይመስለዋል። መስተዋት ፊቱ የቆመውን ነው የሚያሳየው። ልጅ በስሕተት የሠርጉን ፎልደር ቢሰርዝ በዚያችው ቅጽበት ከሁለቱም ይሰረዛል። ሌባ ሣጥኑን ሲወስድ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። መስተዋቱ የሚጠብቀው ከአንድ አደጋ ብቻ፣ ከአንዱ ዲስክ ሞት ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 «ዴድቦልት» የተባለ ቡድን ለኢንተርኔት ተከፍተው በነበሩ የኪውናፕ ሣጥኖች ውስጥ ገብቶ ፋይሎቹን ቆለፈና ከእያንዳንዱ ባለቤት 0.03 ቢትኮይን ጠየቀ፤ በወቅቱ ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር። በተከታዩ ወር የአሱስቶር ደንበኞች ተመሳሳይ ዕጣ ደረሳቸው። ከዚያ በፊት፣ በሰኔ 2021፣ አምራቹ ከ2015 ወዲህ ማሻሻያ ያቆመላቸው የዌስተርን ዲጂታል «ማይ ቡክ ላይቭ» የተባሉ ዕቃዎች ከሩቅ በተላከ ትእዛዝ ባዶ ሆነው አደሩ። ባለቤቶቹ ከነበራቸው ቅጂ ሁሉ የመጨረሻው እሱ ለነበረው ሰዎች ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚማረው ነገር ቴክኒካዊ ብዙ አይደለም። ናሱ በራውተሩ በኩል በቀጥታ ለኢንተርኔት አይከፈት። ከቢሮ ሆኖ ፋይል ማየት የሚፈልግ አምራቹ የሚሰጠውን የመገናኛ አገልግሎት ወይም ቪፒኤን ይጠቀም፤ የይለፍ ቃሉ ላይ በስልክ የሚመጣ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጨምር፤ ማሻሻያ ሲመጣ ይጫን። ሣጥኑ «ስናፕሾት» የሚባለውን፣ የትናንቱን መልክ ይዞ የሚያቆየውን አሠራር የሚችል ከሆነ ይከፈት፤ የልጁ ስሕተት በዚያ ይታረማል። የሌባውና የእሳቱ ግን አይታረምም።

ለዚህ ነው ከላይ በሒሳባችን ውስጥ 100 ዶላሩን የዩኤስቢ ዲስክ ያካተትነው። በወር አንድ ጊዜ ናሱ ላይ ተሰክቶ ይቀዳል፣ ይነቀላል፣ ከቤት ይወጣል። ቤቱ አያት ከተባለ ዲስኩ ሳሪስ ያለች አክስት ዘንድ ቢቀመጥ በቂ ነው። ፋይሎቹ በተራው መንገድ፣ ማንኛውም ኮምፒዩተር በሚያነበው መልክ እንዲቀመጡ ይሁን። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ናሱ ራሱ የተቃጠለ እንደሆነ ከውስጡ የወጣውን ዲስክ ዊንዶውስ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ ማንበብ አለመቻሉ ነው። ሣጥኖቹ የሚጠቀሙት የሊኑክስን አቀማመጥ ነው። የተመሳሳይ ኩባንያ ሌላ ሣጥን እስኪገኝ ወይም ሊኑክስ የሚያውቅ ባለሙያ እስኪመጣ መረጃው በእጅ እያለ አይገኝም። አክስት ዘንድ ያለው ዲስክ ያን ቀን ያወጣል።

ውጭ አገር ቤተሰብ ያለው ሰው ሁለተኛውን ቅጂ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ባለ እኅት ቤት በሌላ ናስ ላይ ለማድረግ ሊያስብ ይችላል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ሒሳቡ ግን ይታይ። ወደ ውጭ የሚላከው መስመር 5 ሜጋቢት ከሆነ 1 ቴራባይት ለመላክ መስመሩ ሳይቋረጥ 18 ቀን ተኩል ይፈጃል። የሚያዋጣው የመጀመሪያውን ቅጂ በዲስክ አድርጎ በመንገደኛ መላክና፣ ከዚያ በኋላ በየዕለቱ የሚጨመረውን ብቻ በኢንተርኔት መላክ ነው።

ዋስትናና ፍተሻ

ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የመጣ ዲስክ ሲበላሽ አምራቹ የሚተካው ብዙውን ጊዜ በተሸጠበት አካባቢ ነው። የመላኪያው ዋጋ የዲስኩን ዋጋ ሊጠጋ ስለሚችል፣ የሩቁን የሦስት ዓመት ዋስትና ከቅርቡ ነጋዴ የስድስት ወር የጽሑፍ ዋስትና ጋር ማወዳደር ተገቢ ነው። በቃል የተሰጠ ዋስትና ግን ከዋጋ ድርድር ውስጥ አይግባ። ሁለቱን ዲስክ ከተቻለ ከተለያየ ሱቅ ወይም በተለያየ ጊዜ የተመረተ መግዛት ይበጃል፤ በአንድ ካርቶን የመጡ አንድ ዓይነት ጉድለት ካላቸው በአንድ ሰሞን ይሞታሉና።

ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ሳምንት የመፈተሻ ይሁን። የቤተሰቡ ፎቶ ገና አይግባበት፤ ጥቂት ጊጋባይት የማይጠቅም ፋይል ይጫንበት። የዲስክ ምርመራው ሙሉውን ይካሄድ፤ ለባለ4 ቴራባይት ሰዓታት ይፈጃል። ከዚያ የዩፒኤሱን ሶኬት ከግድግዳው ነቅሎ ናሱ በራሱ ሲዘጋ ቆሞ ማየት ነው። ቀጥሎ ናሱን አጥፍቶ አንዱን ዲስክ ማውጣት፣ አስነሥቶ ፋይሉ መከፈቱን ማረጋገጥ፣ ዲስኩን መልሶ እስኪያገግም መጠበቅ። በመጨረሻ አንድ ፎልደር ሆን ብሎ ሰርዞ ከዩኤስቢው ዲስክ መመለስ። ከእነዚህ አንዱ ካልሠራ ዕቃው ገና የሻጩ የዋስትና ጊዜ አላለፈም፤ ደረሰኙም አልጠፋም።